ግማሹን የጻፍኩት ቃል

መጀመሪያ የጠፋኝ የሰላምታ መልስ ነው።

የዐቢይ ጾም አጋማሽ ነበር። ዳንግላ ከተከራየኋት ክፍል ወጥቼ በሩን ስቆልፍ ቁልፉ ከቀኝ እጄ ወደቀ። አነሳሁት። ደግሞ ወደቀ። አከራዬ ልብስ እያሰጣች “እንዴት አደርሽ፣ ቲቸር?” አለችኝ። “እግዚአብሔር ይመስገን” ልል አፌን ከፈትኩ። የምለውን አውቀዋለሁ፤ ግን አልመጣም። ራሴን ዝቅ አድርጌ አለፍኳት። እሷም ልብሷን ማስጣት ቀጠለች።

አልፈርድባትም። ከልጅነቴ ጀምሮ ዓይን አፋር ነኝ። ብዙ ጠዋት እንዲሁ ራሴን ዝቅ አድርጌ ብቻ አልፌያታለሁ። ሕመሜ የጀመረበት ጠዋት በእሷ ዓይን ከሌላው ጠዋት የሚለይበት ነገር አልነበረውም።

ይህን የምጽፈው እንደ እኔ ገና በወጣትነታቸው ስትሮክ ለያዛቸውና አጠገባቸው ሆነው ለሚያስታምሟቸው ነው። ሐኪም አይደለሁም፤ የዘጠነኛ ክፍል የእንግሊዝኛ መምህርት ነኝ። ያን ጊዜ ሃያ ሰባት ዓመቴ ነበር። የማውቀው በእኔ ላይ የደረሰውን ብቻ ስለሆነ እሱኑ እንደሆነው እጽፋለሁ።

ትምህርት ቤቱ ከቤቴ የሃያ ደቂቃ መንገድ ነው። ያን ቀን የቀኝ ጫማዬ መሬቱን ይጎትት ነበር። የጾም ድካም መሰለኝ። የመምህራን ማረፊያ ክፍል ስገባ ሰዎች ሰላም አሉኝ፤ እኔ ራሴን ነቀነቅኩ። የሒሳብ መምህሩ ጌትነት ቀልድ አያልፈውም። “ምነው ይታይሽ፣ ዘንድሮ ሰላምታም የፍስክ ሆነ እንዴ?” አለኝ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ፊቴ በአንድ በኩል ብቻ እንደሳቀ ማንም አላየም።

እዚህ ላይ የማስተማሪያ ዘዴዬን ማስረዳት አለብኝ፤ ያለ እሱ ቀጥሎ የሆነው አይገባም። ተማሪዎቼ ረጅም የእንግሊዝኛ ቃል ይፈራሉ። ንባብ ላይ ካጋጠማቸው ዓይናቸው ዘሎት ያልፋል። ስለዚህ ቃሉን በሁለት መንገድ መቁረጥ አስተምራቸዋለሁ። አንደኛው ለትርጉም ነው። “ኢንተርናሽናል” ለትርጉም ሲቆረጥ ሦስት ቁራጭ ይወጣዋል፦ “ኢንተር” በመካከል ማለት ነው፣ “ናሽን” አገር ነው፣ “አል” ደግሞ ቃሉን ቅጽል የሚያደርግ ጭራ ነው። ሁለተኛው ለአፍ ነው። ለአፍ ሲቆረጥ አምስት ይሆናል፦ ኢን፣ ተር፣ ና፣ ሽ፣ ናል። ለእያንዳንዱ አንድ ጊዜ እናጨበጭባለን። አዲስ ቃል ስጀምር የመጀመሪያውን ቁራጭ ብቻ ሰሌዳው ላይ እጽፍና ዝም ብዬ እቆማለሁ። የቀረውን ተማሪዎቹ ይሞላሉ። ዘዴውን የወደድኩት ስለሚጠቅማቸው ብቻ አልነበረም። ብዙ እንዳልናገርም ይረዳኝ ነበር።

ያን ቀን ጠመኔውን በግራ እጄ ያዝኩት። “ኢን” ብዬ ጻፍኩ። ቀጣዩ አልመጣም። ቆምኩ።

“ኢንተርናሽናል” አለ አንዱ።

“እሱን ባለፈው ሠራነው እኮ። ኢንፎርሜሽን ነው።”

“ኢንዲፔንደንስ ነው። አይደል ቲቸር?”

ሁሉም ወደ እኔ አዩ። ራሴን ነቀነቅኩ። አጨበጨቡ። ኢን፣ ዲ፣ ፔን፣ ደንስ። አራት። ሌላ ቃል ጠበቁ። “አን” ብዬ ጻፍኩ። እሱንም ሞሉልኝ። ክፍለ ጊዜው እንዲህ አለቀ። አንድ ቃል አልተናገርኩም። ስድሳ ተማሪ ውስጥ የጠረጠረ የለም። ደወሉ ሲደወል አንዷ እየወጣች ለጓደኛዋ “ዛሬ አሪፍ ነበር” ስትላት ሰማሁ። በሁለተኛውም ክፍል እንዲሁ ሆነ። የመጀመሪያውን ቃል የትኛውን ልጽፍ እንደነበረ ዛሬም አላውቅም።

የነቃችብኝ ውባለም ናት። እሷም የእንግሊዝኛ መምህርት ስትሆን ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ ጓደኛዬ ናት። ስድስት ሰዓት ላይ ሻይ ይዘን ተቀመጥን። ሻዩ በቀኝ ከንፈሬ በኩል ወደ አገጬ ወረደ። እኔ አልታወቀኝም።

“አፍሽን ጥረጊው እንጂ” አለች። ከዚያ አተኩራ አየችኝ። “ይታይሽ፣ እስኪ ስሜን ጥሪኝ።”

አልቻልኩም። ብርጭቆዋን አስቀመጠችና ጌትነትን ባጃጅ እንዲያቆም ላከችው።

ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሟ የጠየቀችው አንድ ነገር ነው። “መቼ ነው የጀመራት?”

ውባለም አታውቅም። ጌትነት አያውቅም። እኔ አውቅ ነበር። መናገር አልቻልኩም። ጠዋት ሁለት ፊደል የጻፈው ግራ እጄም አሁን አይጽፍም። ሐኪሟ እየደጋገመች ጠየቀች። እኔ አለቀስኩ።

በአምቡላንስ ወደ ባሕር ዳር ተላክሁ። ሲቲ ስካን ተነሣሁ። አባቴ ወላጆቼ ከሚኖሩበት ከእንጅባራ ደረሰ። እዚያ የተቀበለን ሐኪም ወጣት ነው፤ ሲናገር አይቸኩልም።

“አባቴ፣ ልጅዎን ያገኛት ስትሮክ ነው። የረጋ ደም ከልቧ ተነሥቶ ወደ ግራው የአንጎሏ ክፍል ሄዷል። የረጋውን የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰዓታት ውስጥ ነው። ያ ሰዓት አልፏል።”

አባቴ ሰዓት የሚለውን አልሰማውም። ልብ የሚለው ላይ ቆሟል። “ልቧ ምን ሆነ? ይች ልጅ ክፉ አታስብም፤ ቂም አታውቅም” አለ።

“ከሐሳብ አይደለም፤ ከጉሮሮ ነው” አለው ሐኪሙ። “በልጅነቷ ጉሮሮዋን ከታመመች በኋላ ጉልበቷ ወይም ቁርጭምጭሚቷ አብጦ ያውቃል?”

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። ሁለታችንም አስታወስን።

አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። እንጅባራ ብርዷ ከባድ ነው፤ ክረምት ሲሆን ጭጋጉ እስከ ረፋድ ከደጅ አይነሣም። ጉሮሮዬን አመመኝና ተሻለኝ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ጉልበቴ አበጠ፤ እሱ ሲሻለው ሌላው ጉልበቴ ቀጠለ። “ብርድ መቷት ነው” ተባለ። እናቴ በቅቤ አሸችኝ። አንድ ወር ያህል ትምህርት ቤት አልሄድኩም። እውነቱን ለመናገር ያን ወር እንደ ጥሩ ጊዜ ነበር የማስታውሰው። አባቴ ቀርከሃ ሠሪ ነው፤ ወንበር፣ አልጋ፣ ቅርጫት ይሠራል። ከእሳቱ አጠገብ ተኝቼ ቀርከሃው ሲሰነጠቅ እሰማ ነበር። ጓደኞቼ ደብተራቸውን ያመጡልኛል። ማንም ተነሽ፣ ተናገሪ፣ ሰሌዳ ላይ ውጪ አይለኝም። ያደግሁ ሰው ሆኜ እንኳ ሲከፋኝ ያ ወር ይናፍቀኝ ነበር። ሐኪሙ ልቤን የጎዳው ያ ወር እንደሆነ ነገረን። ስሙ ሪውማቲክ የልብ ሕመም ነው። በጉሮሮ ሕመሙ ጊዜ ፔኒሲሊን ብወስድ ኖሮ ላይመጣ ይችል ነበር። ሚትራል የሚባለው የልቤ በር ጠቧል፤ ስቴኖሲስ ይሉታል። ከዚያ የተነሣ የልቤ ምት ሥርዓቱን ስቷል፤ አትሪያል ፊብሪሌሽን ይሉታል። ደሙ ከልቤ ውስጥ እየዋለ ረግቷል።

አባቴ በብርድ ልብሱ ላይ ጉልበቴን አየ። ከዚያ “ቅቤ” አለ።

በሦስተኛው ቀን ልቤን በመሣሪያ አዩት። የውጤቱ ወረቀት ትራስጌዬ ተቀመጠ። ኢኮካርዲዮግራም ይላል። ቃሉን ተኝቼ አየሁት። ኢኮ፦ የገደል ማሚቶ። ካርዲዮ፦ ልብ። ግራም፦ የተሣለ ነገር። የልብን ማሚቶ የሣለ ወረቀት። በእነዚያ ቀናት ደስ ያለኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው። አንጎሌ አልሞተም። ቃልን ለትርጉም መቁረጥ እችላለሁ። ለአፍ ግን አልቻልኩም። “ኢ” ለማለት ከንፈሬን ወዴት እንደምወስደው ጠፍቶኝ ነበር። ሐኪሙ የዚህን ስም አፌዥያ አለኝ። “አ” የለም ማለት ነው፤ የቀረው ቁራጭ ንግግር ማለት ነው። “የሚነገርሽን ትረጃለሽ። የተጎዳው መናገሪያው ነው። ይመለሳል፤ ምን ያህል እንደሚመለስ ግን ዛሬ ልነግርሽ አልችልም” አለ።

ያን ሌሊት አልተኛሁም። አንድ ጥያቄ ብቻ ነበረኝ። ክፍል ውስጥ ድጋሚ እቆማለሁ ወይ? ስድስት ዓመት ሙሉ ሰኞ ሰኞ ጠዋት ክፍል ከመግባቴ በፊት ቀኑ ቶሎ እንዲያልፍ እመኝ ነበር። ሰው ፊት መቆም እንደምወድ የገባኝ ሲወሰድብኝ ነው።

በማግስቱ እናቴ አጠገቤ ቆማ “አቡነ ዘበሰማያት” ስትጸልይ አፌ ከእሷ ጋር ተከፈተ። እስከ መጨረሻው አብሬያት አደረስኩ። እናቴ እልል አለች። ነርሶች ሮጠው መጡ። የአጠገባችን አስታማሚዎች አልጋዬን ከበቡ።

“ልጄ፣ እስኪ ስምሽን ንገሪያቸው” አለችኝ።

ዝም አልኩ። ሐኪሙ እናቴን ወደ ጎን ወሰዳትና በቃል የተያዘ ነገር ከሌላው ንግግር ተለይቶ ሊተርፍ እንደሚችል፣ ጥሩ ምልክት እንደሆነ፣ ግን ገና እንደሆነ አስረዳት። ስትመለስ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ ነበር። ይህን ለአስታማሚዎች የምነግራቸው እንዳይደናገጡ ነው። ታማሚው ጸልዮ ወይም ዘምሮ ስሙን መናገር ሊያቅተው ይችላል። እምነት ጎድሎት አይደለም። ሰንፎም አይደለም።

ሁለተኛው ሲቲ ስካን ደህና ሲሆን ዋርፋሪን ጀመርኩ። ደም ቶሎ እንዳይረጋ የሚያደርግ ክኒን ነው። መጠኑ ልክ መሆኑ አይኤንአር በሚባል የደም ምርመራ ይታያል፤ የእኔ ከሁለት እስከ ሦስት መሆን አለበት ተባልኩ። ለልቤ ምት ሌላ ክኒን፣ በየአራት ሳምንቱ ደግሞ የፔኒሲሊን መርፌ ታዘዘልኝ። በሦስተኛው ሳምንት ወደ እንጅባራ ወጣን። ሚኒባሱ አዲስ ቅዳም ላይ ሲቆም የከሰል ጆንያ የሚጭኑ ሰዎች እየተጯጯሁ ይቀላለዱ ነበር። በመስኮቱ ሆኜ አፋቸውን አየሁ። ይህን ያህል ቃል በዋዛ ማባከን እንደሚቻል ገረመኝ።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ጊዜ ሳስታውስ ልቤ ይሞቃል። የአባቴ የሥራ ቦታ ከቤታችን ጎን የተቀጠለ ዳስ ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ራሱ የሰነጠቀው ቀርከሃ፣ ወለሉ በስንጥርና በቅርፊት የተሸፈነ ሲሆን ዝናብ በጣለ ቁጥር የእርጥብ ቀርከሃ ሽታ ቤቱን ሁሉ ይሞላው ነበር። ጠዋት ጠዋት እየደገፈ ያወጣኝና ግድግዳውን አስደግፎ ወንበር ላይ ያስቀምጠኛል፤ ለቀኝ እጄ ማለማመጃ እንዲሆን ቀጫጭኑን ስንጥር እንድለይለት ይሰጠኛል። አባቴና እናቴ እርስ በርስ የሚነጋገሩት በአዊኛ ነው። እኔ ትምህርት ቤት ከገባሁ በኋላ አማርኛ ስለለመድኩ በአዊኛ እምብዛም አልመልስላቸውም ነበር። ነገር ግን ከሕመሜ በኋላ መጀመሪያ የመጣልኝ የራሴ ቃል በአዊኛ ነበር፤ ውኃ ጠየቅሁ። አባቴ ቢላዋውን ጥሎ ራሱ ሊቀዳልኝ ሄደ። ከዚያ አማርኛው አንድ በአንድ መጣ፤ እንግሊዝኛው የመጨረሻው ሆነ። ሐኪሙ በሁሉም ሰው እንዲህ በቅደም ተከተል እንደማይመጣ ነግሮኛል።

ለፋሲካ የትምህርት ቤቱ ሰዎች ሊጠይቁኝ መጡ። ጌትነት ከሁሉም ኋላ ገብቶ በሩ አጠገብ ተቀመጠ። “ያን ቀን በቀለድኩበት አፌ…” ብሎ ጀመረና መጨረስ አቃተው። እጁን ያዝ አደረግሁት። ርዕሰ መምህሩ ደግ ሰው ነው፤ ሊያጽናናኝ ፈልጎ እንዲህ አለ፦

“አታስቢ። መዝገብ ቤት ክፍት ቦታ አለ። ክረምቱን ካልተሻለሽ ለመስከረም እዚያ እናዛውርሻለን። አንቺ እንደሆንሽ ዝምተኛ ነሽ፤ ይስማማሻል።”

እናቴ መረቀችው። አባቴም ራሱን ነቀነቀ። ሁሉም እውነት ነው የተናገሩት። እኔ ግን የመዝገብ ቤቱን መደርደሪያ፣ ከዚያ ወዲህ ያለውን ዕድሜዬን ሁሉ አየሁ። “አይ” አልኩ። ከሰዓት በኋላው በሙሉ ከአፌ የወጣ አንድ ቃል እሱ ነው። ርዕሰ መምህሩ ተገርሞ አየኝ። “እሺ” አለ። “በመስከረም መጥተሽ አንድ ክፍለ ጊዜ አስተምሪ። ከዚያ እንወስናለን።”

ከዚያ ቀን ጀምሮ ውባለም ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ ትመጣ ነበር። ረጃጅም ቃላትን በካርቶን ላይ ጽፋ በመቀስ ትቆርጣቸዋለች፤ አባቴ እንዲያነባቸው ደግሞ በጀርባው በኩል በአማርኛ ፊደል ትጽፍበታለች። የሆስፒታሉ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ እያንዳንዱን ቁራጭ በግራ እጄ እየመታሁ፣ ትንሽ በዜማ አድርጌ እንድለው መክራኝ ነበር። ለተማሪዎቼ ያስተማርኩትን ጭብጨባ እኔው ከሀ ጀመርኩት። አባቴ የቢላዋውን እጀታ ግንድ ላይ እየመታ “ኮም” ይላል፤ እኔ “ኮም” እላለሁ። “ፎርት” ይላል። “ፎርት” እላለሁ። “ኤብል።” እዚህ ላይ ምላሴ ይቆለፋል። በብስጭት ካርቶኑን የወረወርኩበት ቀን አለ። አባቴ አንሥቶ አራገፈው።

“ቀርከሃ ስትሰነጥቂ እስከ አንጓው ድረስ ቢላዋው ራሱ ይሄዳል” አለኝ። “አንጓው ላይ ስትደርሺ ቆም አርጊው። ከተቻኮልሽ ስንጥቁ ወደ ጎን ይሄድና እንጨቱ ይበላሻል። ምን አስቸኮለሽ፣ ይመሽብኛል ብለሽ ነው?”

እየቆየ የቁራጮቹን ትርጉም ይጠይቅ ጀመር። “አን” ሲጨመር ቃሉን እንደሚያፈርሰው ውባለም ስትነግረው ወደደው። ምሳ ላይ ወጡን ቀምሶ “ይሄ ደግሞ ዛሬ አንጨው ነው” አለ።

“ምን ነው?” አለች እናቴ።

“ጨው የለውም።”

“እንግዲያ አንወጥ ብላ” አለችው። ሳቅኩ። በሁለቱም ጉንጬ መሳቄን ያየችው እናቴ ናት፤ እሷ ግን አልሳቀችም፤ ወጡን ትታ ታየኝ ነበር።

መድኃኒቶቼንም ያስረዳናቸው በዚሁ መንገድ ነው። እናቴ የክኒኑና የመርፌው መብዛት ያሳስባት ነበር። ውባለም አንዱ አንቲኮአጉላንት፣ ሌላው አንቲባዮቲክ እንደሚባል ስትነግራት “ሁለቱም አንቲ ከሆኑ አንዱ አይበቃትም?” አለች። “አንቲ” ተቃዋሚ ማለት እንደሆነ፣ ክኒኑ የደም መርጋትን እንደሚቃወም፣ መርፌው ደግሞ የጉሮሮውን ጀርም እንደሚቃወም ነገረቻት። ከዚያ ወዲያ የመርፌውን ቀን የምታስታውሰኝ እናቴ ሆነች።

ሆኖም ማናችንም ያላሰብነው ነገር መጣ። ፍልሰታ ገባች። ጓሯችን በጎመን ተሞልቷል። እናቴ “ደም ይሆናታል” ብላ በየቀኑ፣ አንዳንድ ቀን ሁለት ጊዜ፣ ጎመን ታበላኝ ጀመር። እኔም በልቼ አልጠግብም። ሁለት ሳምንት ሊሞላ ሲል አንድ ከሰዓት በኋላ ከአባቴ ጋር “ሪስፖንሲቢሊቲ” የሚለውን እየተለማመድን ነበር። “ሪ” አልኩ። ቀጣዩ አልመጣም። ካርቶኑ ከእጄ ወደቀ። አባቴ “ቀጥይ” አለ። ቀና ብሎ አየኝ። ቢላዋውን ጣለ።

አማርኛውም ጠፋ። አዊኛውም ጠፋ። እጄ ሞተ። ባጃጅ ውስጥ አባቴ የሞተውን እጄን ያሸው ነበር። መስከረምን አሰብኩ። በቃ አልኩ በልቤ።

ሆስፒታል ደርሰን ሐኪም ሳያየኝ ቃሉ ተመለሰ። ግማሽ ሰዓት አልሞላም። እጄም ተንቀሳቀሰ። በማግስቱ ባሕር ዳር ሄድን። መጥቶ ያለፈልኝ ትንሽ የረጋ ደም እንደሆነ ተነገረን፤ አይኤንአሬ አንድ ነጥብ ሁለት ሆኖ ተገኘ። ሐኪሙ ክኒኔን ቆጠረ፤ አንድም አልዘለልኩም።

“ምግብሽ ተቀይሯል?” አለኝ።

“ጾም ነው” አልኩት።

“ምን ትበያለሽ?”

“ጎመን።”

ብዕሩን አስቀመጠ። “ጎመን ውስጥ ቫይታሚን ኬ አለ። እሱ የዋርፋሪንን ሥራ ያፈርሳል። ጎመን አትተዪ፤ መጠኑን ግን አትለዋውጪ። በሳምንት ሁለት ቀን ከሆነ ሁልጊዜ ሁለት ቀን ይሁን። ጾም ሲገባና ሲፈታ ምግብሽ ስለሚቀየር ያኔ መጥተሽ ተመርመሪ።”

እናቴ ከቤት ስንደርስ ሁሉን ሰማች። ወደ ጓሮ ወጣች። ቆይቼ ስወጣ ጎመኑን እየነቀለች አገኘኋት። “እማ፣ ተዪው” አልኳት። “ሁለት ቀን ይበላል።” በእጇ የያዘችውን አፈሩ ውስጥ መልሳ ተከለችው፤ ሥሩ ስለተበጠሰ ግን ደረቀ። እንደዚያ ቀን አሳዝናኝ አታውቅም። ለእኔ ብላ ነው ያበላችኝ። ሕመምተኛ ቤት ውስጥ ጥፋት ሁሉ ከክፋት አይመጣም።

መስከረም ሲጠባ ወደ ዳንግላ ሄድኩ። ርዕሰ መምህሩና ሁለት መምህራን ከኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ። አዲስ ተማሪዎች ናቸው፤ አያውቁኝም። የቀኑ ቃል “ሪስፖንሲቢሊቲ” ነበር፤ ሆን ብዬ የመረጥኩት እኔ ነኝ። ሰሌዳው ላይ ጻፍኩት። ለትርጉም ቆረጥኩት። ቀስ እያልኩ ነበር፤ ግን ሄደልኝ። ለአፍ ስጀምር “ሪ” አልኩ፣ “ስፖን” አልኩ፣ ከዚያ ቆመ።

ከመሃል አንዱ “ሪስፖንሲቢሊቲ ነው፣ ቲቸር” አለ። ሊረዳኝ ነው። ሌሎቹም ሊከተሉት አፋቸውን ከፈቱ። ራሴን ነቅንቄ ማለፍ እችል ነበር። ማንም አያውቅም ነበር። ዕድሜዬን በሙሉ ያለፍኩት እንዲያ ነው።

“ቆዩ” አልኩ። “አትሙሉልኝ።”

ጠመኔውን አስቀመጥኩ። “ታምሜ ነበር” አልኳቸው። “ስትሮክ ይባላል። ቃል… ይጠፋኛል። ስቆም ጠብቁኝ። ይመጣል። ግን ፊቴ ከተጣመመ፣ ወይም እጄ ከወደቀ፣ አትጠብቁ። ሮጣችሁ ሰው ጥሩ።”

ስለ ራሴ በሰው ፊት ይህን ያህል ተናግሬ አላውቅም። ተማሪዎቹ ጠበቁ። የጠበቁት ጊዜ በጣም ረጅም ነበር፤ ወይም ለእኔ ረዘመብኝ። ከዚያ ግራ እጄን ጠረጴዛው ላይ መታሁ። ሲ። ቢ። ሊ። ቲ። እነሱም ከመጀመሪያው ጀምረው አጨበጨቡልኝ፤ ስድስት ጊዜ ብቻ፣ አንድም ሳይጨምሩ።

ርዕሰ መምህሩ ውጭ ጠበቀኝ። “የክፍል ብዛትሽን ለዘንድሮ በግማሽ እንቀንሰዋለን” አለ። “መዝገብ ቤቱን ለሌላ ሰው እንሰጠዋለን።”

ይኸው ሁለተኛ ዓመቴን እያስተማርኩ ነው። አልዳንኩም፤ እየዳንኩ ነው ማለት ይሻለኛል። የልቤ በር እንደጠበበ ነው፤ ባሉን በሚባል ትንሽ ፊኛ የሚሰፋበትን ቀጠሮ እጠብቃለሁ። ዋርፋሪን የምትወስድ ሴት ለማርገዝ ስታስብ አስቀድማ ሐኪሟን ማማከር እንዳለባትም ተነግሮኛል፤ ይህን ሳላውቅ ብቀር ኖሮ ብዬ አስባለሁ። ስሙን እዚህ መጻፍ የማልችለውን ያን የማይቸኩል ሐኪም፣ አምቡላንሱ ውስጥ እጄን ያልለቀቀችውን ነርስ፣ ቅዳሜዎቿን የሰጠችኝን ውባለምን አመሰግናለሁ። አባቴንና እናቴን ማመስገን አልችልበትም፤ ስሞክር የሚጠፋኝ ቃል ከስትሮኩ አይደለም።

ለምታነቡኝ የምለው ጥቂት ነው። ልጃችሁ ጉሮሮውን ካመመውና ትኩሳት ካለው ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ ጉልበቱ ካበጠ ብርድ ነው ብላችሁ አትተዉት። ፊት ሲጣመም፣ እጅ ሲዝል፣ ንግግር ሲጠፋ ሰዓቱን ተመልከቱና ወዲያው ወደ ሆስፒታል ሂዱ፤ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ሰዓቱን ነው። ቤታችሁ ውስጥ ዝምተኛ ሰው ካለ ዝምታውን ለምዳችሁት አትለፉት። ዝምተኛዋ አንቺ ከሆንሽ ደግሞ፣ በየቀኑ ድምፅሽን የሚሰማ አንድ ሰው ይኑርሽ። ቃል የጠፋበትን ሰው ስታስታምሙ አትሙሉለት፤ ጠብቁት።

ብዙ ሕመምተኞች የቀድሞ ድምፃቸው እንደሚናፍቃቸው ሰምቻለሁ። እኔም ይናፍቀኛል። ውባለም ስልኳ ውስጥ ከሕመሜ በፊት ለተማሪዎች ንባብ ሳነብ የተቀዳ ድምፄ ነበራት። ባለፈው ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ አብረን ሰማነው። እንዴት ይፈጥናል። ረጃጅሞቹን ቃላት ሳልነካቸው ነው የማልፋቸው። አለቀስኩ። ውባለም ስልኩን ወደ ጆሮዋ አስጠጋች፣ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አደረገችው፣ ከዚያም “እንዲያው ምንድን ነው የምትዪው? ግማሹ እኮ አይሰማም” አለችኝ።

እውነቷን ነው። አሁን ዝግ እላለሁ፤ አንዳንዴም እቆማለሁ። ከመጨረሻው ወንበር ያሉት ተማሪዎቼ ግን “ይሰማናል” ይላሉ።